በመጨረሻ የሚደፈነው ቀዳዳ

ይሄን የምታነቡ ልጆቼ፣ የምጽፍላችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። ማንንም የማስፈራራበት አቅም የለኝም፣ ደክሞኛል። ግን የሆነ ነገር ነው። በእነዚህ ጆሮዎቼ የሰማሁት፣ በዚህ መዳፌ የዳሰስኩት ነው።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። የቴክኒክ ኮሌጁ ወርክሾፕ ትልቁ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ፀሐይ ገብታ፣ ሰው ሁሉ በየጠረጴዛው ሥራውን ይሠራል።

እኔ ደግሞ አንድ የብረት ሳጥን ፊት ቁጭ ብዬ ትንፋሽ አዳምጥ ነበር።

የሳጥኑን ትንፋሽ...

ቀስ ብዬ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እናንተም አትቸኩሉብኝ።

እኔ ትምህርት ብዙ የዘለቀኝ ሰው አይደለሁም። ባለቤቴ ግን ብረት ሠሪ ነበር። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ የውሃ ታንከር ማስቀመጫ... ምን ያልሠራው አለ? ቤታችን ፊት ለፊት በተከራየናት ወርክሾፕ ዕድሜ ልኩን ሠራ። እኔ ብረቱን እይዝለታለሁ፣ እሱ ይበይዳል። እሳቱን ከማስነሳቱ በፊት "ዓይንሽን!" ይለኛል። የብየዳ ብርሃን ዓይን ያጠፋል፣ እኔ ደግሞ ማስክ የለኝም። ስለዚህ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።

ዕድሜያችን እንዲህ አለቀ። እሱ ሲበይድ፣ እኔ ፊቴን ሳዞር።

"አንቺ ሴትዮ፣ ስሠራ አንድ ቀን እንኳን ሳታዪኝ ልታረጂ ነው" ይለኝ ነበር እየሳቀ።

ከዚያ ሳንባው ታመመ።

መጨረሻ አካባቢ መተኛት ሁሉ አቃተው። ጋደም ሲል ያፍነዋል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ወርክሾፗ ውስጥ በርጩማው ላይ ይቀመጥና፣ ግድግዳው ላይ በቆመች አንዲት ወፍራም ላሜራ ላይ ጀርባውን ያስደግፋል። "ታቀዘቅዘኛለች" ይላል። እሷን ተደግፎ ይተነፍሳል።

አተነፋፈሱን ብሞትም አልረሳውም።

ሁለት አጭር... አንድ ረጅም... ረጅሙ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቀጭን ፉጨት፣ ሊፈላ እንደ ደረሰ ማንቆርቆሪያ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳሰጣ ፉጨቱ ቀረ።

በቃ።

ሐዘኑ ሳይወጣልን የወርክሾፗ ጣጣ መጣ። የሥራ ፈቃዱ በእሱ ስም ነበር። ወደ እኔ እንዲዞር ራሴ ሙያውን ተምሬ፣ ተመዝኜ ማለፍ አለብኝ ተባለ። ያለችኝ አንዲት ልጄ ከእኔ ጋር ልትሠራ ብላ ሥራዋን ለቅቃ መጥታለች። እሷ ግን እሳት የሚባል ነገር ትፈራለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ክብሪት እንኳን የምታቀጣጥለው እጇን ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና ነው። መለካት፣ ቀለም መቀባት፣ ደንበኛ ማናገር ትችላለች። መበየድ ግን... በጭራሽ።

አከራያችን ደግሞ "እስከ ወሩ መጨረሻ እታገሳለሁ፣ ከዚያ ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው" ብሎናል።

ካለፍኩ የአባቷ ወርክሾፕ ይተርፋል። ከወደቅኩ እናትና ልጅ ባዶ እጃችንን ነን።

እናም በዚህ ዕድሜዬ ቱታ ለብሼ ኮሌጅ ገባሁ።

አብረውኝ የሚማሩት ልጆች እንዴት ያሉ ደጎች መሰሏችሁ! "እማማ" ይሉኛል። የጠረጴዛ ጓደኛዬ አፏ የማያርፍ አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች። ብረት ስትቆርጥ እሳቱ ሰው ላይ ስለሚረጭ "ፍንጣሪ" ነው የምንላት።

"እማማ፣ እርስዎ ያለፉ ዕለት ይሄ ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ ነው የምጨፍረው።"

"አንቺ ብቻ እንደ በቀደሙ ሻሼን አታቃጥዪብኝ።"

"ያ ቀዳዳ እኮ ለንፋስ ነው!"

እንዲህ እየተባባልን ተማርን። በሞረድ መሞረድ ተማርኩ። በካሊፐር መለካት ተማርኩ። አንዲት ሚሊ ሜትር ይሄን ያህል እንደምታስለቅስ እዚያ ነው ያወቅኩት። ማታ ቤቴ ስገባ ጀርባዬ የእኔ አይመስለኝም ነበር።

የመጨረሻው መመዘኛ ሳጥን ነው። ስድስት ቁራጭ ላሜራ በልክ ቆርጣችሁ፣ ጠርዙን ሞርዳችሁ፣ ዙሪያውን በይዳችሁ የምትዘጉት፣ አንድ ሙሉ ዳቦ የሚያህል ሳጥን። ከዚያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከራል። አረፋ ካወጣ ብየዳው ያፈሳል ማለት ነው፣ ወደቃችሁ።

ሳጥኑ ላይ ግን እርሳስ የምታስገባ አንዲት ቀዳዳ ትቀራለች። "መተንፈሻ" ነው የሚሏት።

አሰልጣኛችን፣ ረጅም ዝምተኛ ሰው፣ እንዲህ ብሎ ነው ያስረዳን።

"ብረቱ ሲግል ውስጡ ያለው አየር ያብጣል፣ በቀዳዳዋ ይወጣል። ሲበርድ መልሶ ይስባል። ጨርሶ ሲበርድ ዝም ይላል። ያኔ ትደፍኗታላችሁ። አየር እየገፋ ሳለ ከደፈናችኋት ግን ብየዳውን በስቶት ይወጣል።"

ጨርሶ ሲበርድ ዝም ይላል።

ይቺን ያዙልኝ...

የመመዘኛው ሰሞን ኮሌጁ ላሜራ አለቀበት። "ከየቤታችሁ ፈልጋችሁ አምጡ" ተባልን። እኛ ቤት ደግሞ የቀረችው ያቺ ላሜራ ብቻ ናት። እሱ የተደገፋት።

ጀርባው ያረፈበት ቦታ ላቡ ዝገት ሆኖ ወጥቶበታል። ትከሻው እዚህ፣ ወገቡ እዚያ... ቁጭ ያለ የሰው ጀርባ። ቆረጥኳት። የዛገውን ፊት ወደ ውስጥ አደረግኩት። ውጪው ያምር ብዬ ነው፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

በይጄ ስጨርስ ከመተንፈሻዋ ትኩስ አየር ወጣ። ቆየት ብሎ መሳብ ጀመረ። ፍንጣሪ ጣቷን ቀዳዳዋ ላይ አደረገች።

"እማማ! ጣቴን ሳመኝ!"

ሳቅን።

በማግስቱ ጠዋት ሳጥኑ በርዶ ነበር። ልደፍናት ተዘጋጀሁና አቧራ እንዳይኖር መዳፌን ቀዳዳዋ ላይ አሳለፍኩ።

ሞቀኝ።

እጄን አነሳሁ። ብረቱን ነካሁ። ቀዝቃዛ ነው።

መዳፌን መለስኩ።

ሁለት አጭር...

አንድ ረጅም...

"ፍንጣሪ... ነይ እስቲ" አልኳት በሹክሹክታ።

"ምነው?"

"እጅሽን እዚህ ጋ።"

እጇን አደረገች። መጀመሪያ ፈገግ ብላ ነበር። ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

"ማራገቢያው ይሆናል..."

"ማራገቢያው ጠፍቷል።"

"እማማ... መጨረሻ ላይ ያፏጫል እኮ።"

ፉጨቱን አልነገርኳትም ነበር። ስለ ፉጨቱ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አሰልጣኙን ጠራነው። "ፀሐይ መቶት ይሆናል" አለ። ሳጥኑን አንስቶ፣ ቀዳዳዋን ወደ ላይ አድርጎ ቀዝቃዛ ውሃ ባልዲ ውስጥ አስቀመጠው። እስኪበርድ ዙሪያውን ቆመን ጠበቅን። ሲያወጣው ብረቱ እንደ በረዶ ነበር።

ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ።

ቆየ...

ቀና ሲል አላየኝም። ሁለት እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። እጁ ከደረቀ በኋላም ይጠርጋል።

"ነገ መዛኙ ይመጣል" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ይድፈኑት፣ እናቴ።"

"እሺ።"

"እና... ጆሮዎን አያስጠጉበት።"

ምን እንደሰማ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። ለመጠየቅም አቅም ይጠይቃል።

የምሳ ሰዓት ላይ ልጄ ደወለች።

"እማዬ፣ አከራዩ አንድ ሰው ይዞ መጥቶ ነበር።"

"ምን አለ?"

"ምንም አላለም። በሩን በሜትር ለኩት። ሰውዬው ፍሪጅ ሊያስገባበት ነው መሰለኝ።" "ነገ ታልፊያለሽ አይደል?"

"አልፋለሁ።"

"እማዬ... ድምፅሽ ደክሟል።"

"ሥራ ነው የኔ ልጅ። ሥራ ነው።"

ስልኩን ስዘጋ ሳጥኑ ከጎኔ ይተነፍስ ነበር። ልክ ባለቤቴ በርጩማው ላይ ተቀምጦ እንደሚጠብቀኝ ሁሉ።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን መዛኙ ጠረጴዛችን ደረሰ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ የሚያዛጋ ሰውዬ ነው። የሌሎቹ መተንፈሻ ሁሉ ተደፍኗል። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

"እናት፣ እርስዎን ነው የምንጠብቀው" አለ።

የመበየጃውን ኤሌክትሮድ ያዝኩ። ጎንበስ አልኩ።

"የኔ ሰው..." አልኩ፣ ማንም እንዳይሰማኝ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ። "አንተ ከሆንክ... ልደፍነው ነው። ለልጅህ ነው።"

ትንፋሹ ቆመ።

እንደሚያዳምጥ ሰው...

ከዚያ መሳብ ጀመረ። ቀስ እያለ። ያለ ፉጨት። ከታመመ ጀምሮ ሰምቼው የማላውቀውን ረጅም ትንፋሽ... ሳበ፣ ሳበ... ጠረጴዛው ላይ ያለው የብረት ብናኝ በቀጭኑ ወደ ቀዳዳዋ ሲሄድ በዓይኔ አየሁ።

ልጆቼ፣ ትምህርቱን አልረሳሁትም። አየር ሞልቶ የሚገፋ ሳጥን አይደፈንም፣ ብየዳውን ይበሳዋል። ባዶውን ነው የሚደፍኑት።

ግን እንዴት አድርጌ ባዶ ደረት ላይ ልዝጋበት?

እስኪሞላለት ጠበቅኩ። ሁሉም ሰው ቆሞ እያየኝ፣ መዛኙ እያዛጋ... ጠበቅኩ።

ሲበቃው መሳቡን አቆመ።

"ዓይንሽን!" አልኳት ፍንጣሪን።

ማስኬን ደፋሁ። እሳቱን አስነሳሁ። በጥቁሩ መስታወት ውስጥ ቀዳዳዋ ቀልጣ፣ ጠርዟ ተገናኝቶ ስትከደን አየሁ። እንደ ዓይን ቆብ።

የብየዳውን ቅርፊት በመዶሻ ስመታው ከሥሩ ንጹሕ ብየዳ ወጣ። መዳፌን አስቀመጥኩ።

ምንም።

ሙቅ ውሃው በርሜል ውስጥ ነከሩት። የፍንጣሪ ሳጥን ቀድሞ ገብቶ አልፏል። የእኔን ግን መዛኙ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አውርዶ ረጅም ጊዜ አየው። አንዲት አረፋ አልወጣችም።

ከዚያ በካሊፐር ለካው። ፊቱን ኮስተር አደረገ። እንደገና ለካ።

"ጎኑ ትንሽ አብጧል።"

ሳጥኑን ልወስድ እጄን ዘረጋሁ።

"ሙቀቱ ነው፣ ይመለሳል" አለ ለራሱ። "አልፈዋል፣ እናት።"

ፍንጣሪ ቃሏን አክብራ ጠረጴዛው ላይ ወጣች። ሁለቴ ተወዛወዘችና ወረደች። ዓይኗ ሳጥኑ ላይ ነበር።

"እማማ፣ ቤት ይዘውት ሊሄዱ ነው?"

"የት ልጣለው?"



እናም ወርክሾፗ ተረፈችልን። አከራዩ ያመጣውን ሰውዬ መለሰው። ልጄ በሩን አዲስ ቀለም ቀባችው። እኔ እበይዳለሁ፣ እሷ ትለካለች፣ ትቀባለች፣ ከደንበኛ ጋር ትከራከራለች። ሳጥኑን መደርደሪያው ላይ፣ ከባለቤቴ አሮጌ ማስክ አጠገብ አስቀመጥኩት። ማስኩ እሱ ከሞተ ጀምሮ ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው። እኔ የምጠቀመው ኮሌጅ ሳለሁ የያዝኩትን ነው።

ጠዋት ጠዋት ሳጥኑን በካሊፐር እለካዋለሁ።

አልተመለሰም።

ይጨምራል። ዛሬ ግማሽ ሚሊ... ከሳምንት በኋላ ሌላ። ያ ወፍራም ላሜራ በአራቱም ጎኑ ቀስ እያለ ወደ ውጪ ይነፋል። ደረቱን ሞልቶ ትንፋሹን እንደያዘ ሰው።

ሰው ትንፋሹን እስከ መቼ ይይዛል?

እሱን እያየሁ እኔም ትንፋሼን ይዤ እገኛለሁ። ልጄ ናት የምታባንነኝ። "እማዬ፣ ተንፍሺ እንጂ!" ትለኛለች እየሳቀች።

አንድ ቀን ልበሳው ብዬ መሰርሰሪያውን አነሳሁ። ጫፉን ብረቱ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣብኝ...

ከወጣ በኋላ ወዴት ይሄዳል?

መሰርሰሪያውን መለስኩት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ በሩን ከፍቼ ስገባ ሳጥኑ ተኝቷል። ማለቴ... እብጠቱ የለም። እንዲያውም ጎኖቹ ወደ ውስጥ ሰርጉደዋል።

ብየዳውን በጣቴ ዞርኩት። ስንጥቅ የለውም። ውሃ አፍልቼ ነከርኩት። አረፋ የለውም። እንደተደፈነ ነው።

ግን ባዶ ነው። ባዶነቱ በእጅ ይታወቃል።

ልጄ መጥረጊያ ይዛ ገባች። መደርደሪያውን ልትወለውል የአባቷን ማስክ ከሚስማሩ አወረደችው።

"እማዬ... ይሄን ማን አድርጎት ነበር?"

"ማንም።"

"ውስጡ ሞቋል።"

"ስቀዪው" አልኳት።

"ፀሐይ መቶት ይሆናል" አለች።

ያ ግድግዳ ፀሐይ አይቶ አያውቅም።

"ስቀዪው የኔ ልጅ..."

አላስተዋለችኝም። መስታወቱን ልታጸዳ ወደ ፊቷ አቀረበችው። ገና አንድ ስንዝር ሲቀረው፣ እሷ ሳትተነፍስበት... መስታወቱ ጉም ለበሰ።

ጠራ።

ጉም ለበሰ።

ጠራ።

ቀጥሎ ረጅሙ...

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ያኔ ነው የሰማሁት፣ ከማስኩ ውስጥ፣ ያንን ድምፅ።

"ዓይንሽን!"

ልጆቼ... ዕድሜ ልኬን ነው የለመድኩት። አላሰብኩበትም። አንገቴ ራሱ ዞረ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ከኋላዬ እሳቱ ተነሳ። ግድግዳው በሰማያዊ ብርሃን ጥርት አለ። ክብሪት የምትፈራው ልጄ ጥላዋ ግድግዳው ላይ ጎንበስ ብሎ ይበይዳል፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ፣ የግራ ክርኑን ከጎኑ አስጠግቶ... እሱ እንደሚያደርገው።

ከዚያን ቀን ወዲህ የምትበይደው እሷ ናት። ደንበኛ ሁሉ "እጇ ቁርጥ የአባቷ ነው" ይላል። ሥራ በዝቶልናል። ምሳ ሳቀርብላት ማስኩን ገለጥ አድርጋ ትጎርስና መልሳ ትደፋዋለች። ማታ ስትገባ ጋደም በይ ብላት እምቢ ትለኛለች። ያፍነኛል ትላለች። ግድግዳ ተደግፋ ነው የምታድረው።

ይሄን ስጽፍላችሁ ቀን ነው፣ ስምንት ሰዓት። በሩ ክፍት ነው፣ መንገደኛው ያልፋል። እኔ አሮጌው በርጩማ ላይ ነኝ፣ እሷ ከፊቴ ናት፣ አንድ የመስኮት ብረት ይዛ። ዛሬ በቃ፣ ቀና ብዬ አያታለሁ ብያለሁ። መስታወቱ ጉም ይለብሳል፣ ይጠራል።

ሁለት አጭር...

አንድ ረጅም...

"ዓይንሽን!" አለኝ።

ግድግዳውን እያየሁ ነው።